የካቲት 7፣ አበባውና የእህታችን ጥያቄ

ጥር 2006፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ንግግሬ ካለፈው ዓመት የዞረ ዕዳ ነው። ዓምና በዚህ ሰሞን እዚሁ ቦታ ተቀምጬ "የፍቅረኞች ቀን" ስለሚባለው ነገር ትምህርት ሰጥቼ ነበር። ሲያበቃ እንደተለመደው ከእህቶች በኩል ጥያቄ በወረቀት ወረደ። አንዷ ከደብተር የተቀደደች ቁራጭ ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ "ኡስታዝ፣ ከባለቤቴ ጋር አስራ አንድ ዓመት ኖረናል። አንድም ቀን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ቀን አበባ ቢያመጣልኝ እሱም ሐራም ነው?"

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከወንዶች በኩል ሳቅ ተሰማ። እኔም ፈገግ አልኩና "አዎ፣ ቀኑን አስቦ ካመጣው አይፈቀድም" ብዬ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ። ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እራት አቅርባ ዝም አለች። ምነው ብላት "ሴትዮዋ የጠየቀችህ ስለ አበባ አልነበረም" አለችኝ። ሳቁን ስትሰማ ጫማዋን አንስታ ወጥታ ሄዳለች። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፣ ባለቤቴም አልነገረችኝም። ዛሬ እዚህ ካለች ዓውፍ ትበለኝ። ከሌለችም የምታውቋት ንገሩልኝ።

ያንን ጥያቄ ዛሬ እንደገና ልመልስ። መጀመሪያ ስለ ቀኑ፣ ከዚያ ስለ እሷ።

ስለ ቀኑ የተናገርኩት አልተለወጠም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ አቡ ዳውድና ነሳኢ የመዘገቡትን ሐዲስ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ነዋሪዎቹ በዓመት ሁለት ቀን የሚጫወቱባቸው ቀናት ነበሯቸው። ምንድን ናቸው ብለው ጠየቁ። ከጃሂሊያ ዘመን ጀምሮ ስንጫወትባቸው የኖርን ናቸው አሏቸው። በእነዚያ ፋንታ አላህ ከእነሱ የተሻሉ ሁለት ቀናት እንደሰጣቸው ነገሯቸው፤ ዒድ አል-አድሓንና ዒድ አል-ፊጥርን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰዎቹ በዚያ ቀን ጣዖት ሰገዱ አልተባለም። ተጫወቱ ነው የተባለው። አንዳንድ ወጣቶች "ኡስታዝ፣ እኛ ሃይማኖቱን አናስብም፣ ዝም ብለን ቀይ ለብሰን ነው የምንወጣው" ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ ተመላልሶ የሚመጣ፣ ሰው የሚለብስለት፣ ስጦታ የሚገዛለት፣ "እንኳን አደረሰህ" የሚባባልበት ቀን ዒድ ነው። "ዒድ" የሚለው የዐረብኛ ቃል ራሱ ከመመላለስ ጋር የተያያዘ ነው። ለሙስሊም ደግሞ ዒዱ የዒባዳው አካል ስለሆነ ቀኑን እኛ አንመርጥም።

ሁለተኛውን ነገር ግን እኔም ዓምና ዘልዬዋለሁ። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) የመዲናን ሰዎች ቀናቸውን ነጥቀው ባዶ እጃቸውን አልተዋቸውም። በፋንታው ሰጧቸው። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ቀኑ ታሪክ ብዙ አላወራም። ቫለንታይን የሮም ካቶሊኮች በሰማዕትነት የሚያስታውሱት ሰው ስም ነው። ፌብሯሪ 14 ቀን መታሰቢያው ነበር። ካቶሊኮቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያቸው አውጥተውታል። ከወንድና ሴት ፍቅር ጋር የተያያዘው ሰውየው ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ ገጣሚዎች ነው። የሀገራችን ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ከአባቶቻቸው የወረሱት በዓል አይደለም። ስለዚህ ይህ የሙስሊምና የክርስቲያን ጉዳይ ተደርጎ እንዳይወራ አደራ እላለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። "ንጉሡ ወታደር እንዳያገባ ከለከለ፣ ቄሱ በድብቅ እያጋባ ተገደለ" የሚለውን ታሪክ በዳዕዋ መድረኮቻችን ላይ ስንት ጊዜ ሰምተናል! እኔም ተናግሬዋለሁ። ዘግይቶ የመጣ ተረት ነው፤ ማስረጃ የለውም። እኛ ለአንድ ሐዲስ ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ እያልን የምንጠይቅ ሰዎች ነን። የሌላውን ታሪክ ስናወራ ሰነድ አያስፈልግም ያለን ማነው?

አሁን ወደ እኛው ወደ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ልምጣ። በመጪው ሚያዝያ 12 አንድ ነገር 40 ዓመት ይሞላዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በዚህ ከተማ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው አደባባይ ወጣ። በዕድሜ የገፋችሁ አባቶቼ፣ ከመካከላችሁ በእግሩ የሄደበት ይኖራል። ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ወጥተዋል። ያኔ ስማችን "በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች" ነበር፤ እንግዳ እንደሆንን ማለት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዒዳችን እንደ ሌላው በዓል በአገር ደረጃ ይከበር የሚል ነበር። የዛሬ ልጆች ይህ አይታያቸውም፤ ዒድ ሲደርስ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው አለቃውን ለምኖ ነበር ሶላተል ዒድ የሚሰግደው። ካልተፈቀደለት ሥራው ላይ ይውላል፤ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው አባታቸውን ይጠብቃሉ። ዒዳችን በሕግ የታወቀው ከዚያ ሰልፍ በኋላ በመጣው መንግሥት ጊዜ ነው።

አባቶቻችን በእግራቸው ያመጡት ቀን ይህ ነው። ከ2004 ጀምሮ የኛ ትውልድ ከአወሊያ ተነስቶ የጠየቀውም ከዚያ የራቀ አይደለም። መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ፣ የማናምንበትን አስተሳሰብ ከላይ አትጫኑብን አልን። ይህንን ብለው የወከልናቸው ኮሚቴዎቻችን ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ታስረዋል። ሃይማኖታችንን ሌላ ሰው አይቅረጽልን ብሎ በየጁምዓው ድምፁን የሚያሰማ ወጣት፣ የደስታውን ቀን የስጦታ ሱቅ ሲቀርጽለት ዝም ካለ ነገሩ እንዴት ይገጥማል? ዘንድሮ ደግሞ የካቲት 7 የሚውለው ጁምዓ ላይ ነው።

ልዩነቱ ይህኛውን ማንም በፖሊስ አላስገደደንም። ከሱቅ መስታወት፣ ከሆቴል ማስታወቂያ፣ ከኤፍ ኤም ሬድዮና ከስልካችን ነው የሚመጣው። ወረቀት ይዘህ የምትቃወመው አካል የለውም። አንዳንድ ወንድሞች በዚያ ቀን ካፌ ካፌው በር ላይ ቆመን ሙስሊሞቹን እንመክር፣ ስም እንመዝግብ የሚል ሐሳብ አምጥተው ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። እንቅስቃሴያችን እስከ ዛሬ የተከበረው ሰላማዊ ስለሆነና የማንንም መብት ስላልነካ ነው። የሰውን ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ ማሳፈርም ምክር አይባልም። ደግሞም የዚህ ነገር ሥር ካፌ ውስጥ አይመስለኝም። ቤታችን ውስጥ ነው።

ወደ እህታችን ልመለስ።

ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በሰለመ ብዙም ሳይቆይ ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) የጦር መሪ አድርገው ላኩት። በሠራዊቱ ውስጥ አቡበክርና ዑመር አሉ። መሪ ሆኖ ሲመለስ ልቡ ትንሽ ከፍ አለችና ቀርቦ ጠየቀ፦ ከሰዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወዱት ማንን ነው? የራሱን ስም ሊሰማ ነበር። የመለሱለት ግን የባለቤታቸውን ስም ነው፤ አኢሻን። ከወንዶቹስ ማለቴ ነው አለ። አባቷን አሉት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለወታደር፣ በሰው ፊት፣ ሳያፍሩ!

ከመካከላችን የሚስቱን ስም በሰው ፊት የሚጠራ ስንት ነው? "ቤተሰብ" እንላለን፣ "የልጆቼ እናት" እንላለን፣ "ሰዎቹ" እንላለን። ስሟን መጥራት ያሳፍረናል፣ እወዳታለሁ ማለት ደግሞ ወንድነት የሚቀንስ ይመስለናል። ይህንን ሐያእ ብለን ሰይመነዋል። ከረሱል የበለጠ ሐያእ ያለው ማነው? ሰሐቦቹ በሐያቸው የሚመስላቸው እንዳልነበረ ተናግረዋል። ያ ሐያእ የሚስታቸውን ስም ከመጥራት አልከለከላቸውም።

ሌላም አለ። በአንድ ጉዞ ላይ ሠራዊቱን ቅደሙ ብለው ከእናታችን አኢሻ ጋር ሩጫ ተወዳደሩ። ቀደመቻቸው። ዓመታት አልፈው፣ እሷም ሰውነቷ ከበድ ካለ በኋላ፣ እንደገና ተወዳደሩና ቀደሟት። ይቺ ለዚያችኛዋ ናት ብለው ሳቁ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እኔ በዚህ ሐዲስ የሚገርመኝ ሩጫው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ማስታወሳቸው ነው። የዑማውን ሸክም የተሸከሙ ሰው፣ ከዓመታት በፊት ሚስታቸው እንደቀደመቻቸው አልረሱም። እኛ ባለፈው ሳምንት የነገረችንን እናስታውሳለን?

አባቶቼ አትቀየሙኝ። ደክመን እንገባለን፣ እንበላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ስልካችንን እናያለን፣ እንተኛለን። ወጪ ሸፍኛለሁ፣ አልመታኋትም፣ ምን ጎደለባት እንላለን። አላህ በሱረቱ ሩም 21ኛው አንቀጽ ላይ በባልና ሚስት መካከል መዋደድንና መተዛዘንን ማድረጉን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የእህል ወጪ ያንን አይተካም። አስራ አንድ ዓመት ዝም የተባለች ሴት አበባ ብታምራት አይገርምም። የኛ ጥፋት እንግዳ በዓል ላይ ብቻ ጣታችንን መቀሰራችን ነው።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸውና። አበባ ሐራም አይደለም። አላህ የፈጠረው ነው፤ ከዝዋይ፣ ከሆለታና ከቢሾፍቱ እርሻዎች ቆርጠው የሚያሽጉትም የኛው እህቶች ናቸው። በየጥሩ መጨረሻ ሥራው የሚበረታባቸው አውሮፓ ለዚያ ቀን ስለሚገዛው ነው። ሐራሙ ቀኑን ዒድ ማድረግ ነው። ባልሽ ጥር 20 ያምጣልሽ። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ያምጣልሽ። አበባ ባይሆንለት ሙዝ ያምጣ፤ ግን ላንቺ ብዬ ነው ይበልሽ። ይህ ሐራም ቀርቶ አጅር አለው። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ሰው ወደ ሚስቱ አፍ በሚያደርሰው ጉርሻ እንኳ እንደሚመነዳ አስተምረዋል። ጉርሻ የኛ አገር ባህል ነው እያልን እንኮራለን አይደል? ለእንግዳ ብቻ ነው እንዴ?

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ጀመዓ ውስጥ ባሎቻቸው የታሰሩባቸው እህቶች አሉ። ንጋት ላይ ተነስተው ስንቅ ያዘጋጃሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ታክሲ ተጋፍተው እስር ቤት በር ላይ ይሰለፋሉ። ተራቸው ደርሶ ለጥቂት ደቂቃ ያዩታል። ምግቡን ተፈትሾ ያስገባሉ፣ ባዶውን ሳህን ይዘው ይመለሳሉ፣ በነጋታው እንደገና። ለእነዚህ ሴቶች ካርድ የሚያትም ድርጅት የለም። ልጆቻችሁ ፍቅር ምንድን ነው ብለው ቢጠይቋችሁ ቀዩን ባሉን አታሳዩዋቸው፤ ከእነዚህ ከአንዷ ጋር አንድ ቀን ስንቅ አሲዛችሁ ላኳቸው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ። የካቲት 7ን የሚጠብቁት አብዛኞቹ ያላገቡ ናቸው። እነሱን መገሰጽ ቀላል ነው፤ እኔም ሥራዬ ስለሆነ እገስጻለሁ። በመድረሳ የማስተምራቸው ልጃገረዶች አሉ። በስልክ "አገባሻለሁ" እየተባለች በዚያ ቀን የተጠራች ልጅ ነገሩ ሲበላሽ ብቻዋን ነው የምትቀረው። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሶፍ ላይ ቆሞ ይሰግዳል፤ እሷ ከሰፈር ትጠፋለች። እህቶቼ፣ በእውነት የሚፈልግሽ ሰው የአባትሽን በር ያውቀዋል። ይህንን እላለሁ፣ እደግመዋለሁ።

ነገር ግን የአባትሽ በር ላይ ምን ይጠብቀዋል? ከእኔ ዘንድ ቁርአን የቀራ አንድ ወጣት አለ። ሥራው የግንባታ ነው፣ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ምላሱ የታረመ ልጅ። ሽማግሌ ላከ። ወርቅ በግራም ተቆጠረለት፣ አዳራሽ ተባለ፣ የመኪና አጀብ ተባለ፣ ቪዲዮ ተባለ። ሁለት ዓመት አጠራቅሞ አልሞላለትም። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ ሐላሉን ስጠይቅ የወርቅ ሚዛን አወጡልኝ። ሐራሙ የሚጠይቀው የ15 ብር ካርድ ብቻ ነው።" ምን ልመልስለት? ሶብር አድርግ አልኩት። ሌላ ያለኝ ነገር አልነበረም።

የረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ባለቤቶች መህር 500 ዲርሃም እንደነበረ እናታችን አኢሻ ነግራናለች። ምንም ያልነበረውን ሰሐባ የብረት ቀለበትም ቢሆን ፈልግ አሉት፤ እሱም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርአን አጋቡት። ከወሊማዎቻቸው አንዱ በሁለት ሙድ ገብስ የተደገሰ ነበር። አንዳንድ አባቶች የእናታችንን የኡሙ ሐቢባን መህር ያነሱብኛል። እውነት ነው፣ እሷ እዚሁ በሐበሻ ምድር ስደተኛ ሳለች ነው ኒካሕዋ የታሰረው፤ አቡ ዳውድ እንደዘገቡት መህሩ አራት ሺህ ነበር። ግን የከፈለው ማነው? ንጉሡ ነጃሺ ነው! ልጅህን በዚያ ሒሳብ ልትድር የምትፈልግ አባት መጀመሪያ ንጉሥ ፈልግ።

ወጣቱን "ይህ ቀን ያንተ አይደለም" ብለን ከልክለን፣ የኒካሕን በር ደግሞ በወርቅ ከዘጋንበት፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ሐዲስ ግማሹን ብቻ ነው የሠራነው። ረሱል በፋንታው ሰጡ። እኛ ነጠቅን።

ልቡ የተሰበረውን ወጣት ደግሞ አናላግጥበት። ሙጊስ የሚባል ሰሐባ ነበር። ሚስቱ በሪራ ከባርነት ነፃ ስትወጣ ከእሱ ጋር መኖር ወይም መለየት ምርጫው የእሷ ሆነ፤ ተለየችው። በመዲና መንገድ ከኋላዋ እየተከተለ ያለቅስ ነበር፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) አይተው አልሳቁበትም፣ "ወንድ ሆነህ" አላሉትም። አዘኑለት። ራሳቸው ሄደው ብትመለሺስ አሏት። ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ ማማለዴ ብቻ ነው አሏት። እንግዲያውስ አልፈልገውም አለች። አላስገደዷትም። አላህ የላካቸው ነቢይ ናቸው፤ ትናንት ባሪያ የነበረች አንዲት ሴት አልፈልግም አለቻቸው፣ ተዋት። ይህንን ቡኻሪ ውስጥ ያለ ሐዲስ ስንቶቻችን ለሴት ልጆቻችን አንብበንላቸዋል? ስንቶቻችንስ ልጃችን ያልወደደችውን ሰው "እኔ ከወደድኩት በቂ ነው" ብለን ድረናል?

ከመስጂዱ አስተዳደር ጋር ተነጋግረን ሁለት ነገር ወስነናል። የመጀመሪያው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ለጋብቻ የደረሱ ልጆች ያሏችሁ አባቶችና እናቶች እዚሁ ትሰበሰባላችሁ። በሰፈራችን የመህርና የሰርግ ወጪ ላይ እንነጋገራለን፤ መስጂድ ውስጥ ኒካሕ አስረው በግቢው ወሊማ ማድረግ ለሚፈልጉ ድስትና ሳህኑ ከመስጂዱ ይሰጣል። ያ የግንባታ ሠራተኛ ወጣትም ይመጣል። የልጅቷ አባትም እንዲመጡ ሄጄ ለምኛቸዋለሁ፤ ኢንሻአላህ ብለውኛል።

ሁለተኛው፣ በሴቶች መግቢያ በር ላይ የጥያቄ ሳጥን ተቀምጧል። ከእንግዲህ ወረቀቶቹን እኔ ቤት ወስጄ፣ ከባለቤቴ ጋር አንብቤ ነው በሚቀጥለው ሳምንት የምመልሰው። በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ወረቀት አይኖርም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።